ሕመሙ ቀነሰ ማለት ዳንኩ ማለት አይደለም

ጤና ይስጥልኝ! ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ የሐሞት ከረጢት ብግነት፣ ማለትም የከረጢቷ መቆጣት፣ ችላ ሲባል ስለሚያመጣው ጣጣ ነው።

ይህቺ ከረጢት ጉበት ሥር የተለጠፈች ትንሽ ነገር ናት። ሐሞት ታጠራቅማለች፣ ቅባት ስንበላ ጨመቅ አድርጋ ወደ አንጀት ትለቀዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ጠጠር መውጫዋን ሲዘጋው ነው። ጠጠሩ ከቦታው ከተንሸራተተ ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ካልተንሸራተተ ግን ከረጢቷ ትወጠራለች፣ ትቆጣለች፣ ትኩሳት ይከተላል። ከቀኝ ጎድን ሥር ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድና ከ6 ሰዓት በላይ የማይለቅ ሕመም ይዟችሁ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ ክኒን ውጣችሁ አትተኙ።

ግድግዳዋ ሲወጠር የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ደም ያጣ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ሐኪሞች ጋንግሪን ይሉታል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ነርቩም አብሮ ስለሚሞት፣ ወይም ከረጢቷ ስትቀደድ ውጥረቱ ስለሚተነፍስ፣ ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ሊል ይችላል፤ በሽተኛው «ተመስገን፣ ተሻለኝ» እያለ ሐሞትና መግል ሆዱ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ሆድ ዕቃው በሙሉ ይቆጣል። ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነትን ካናጋ ደግሞ ሴፕሲስ ነው፣ ይገድላል።

ጠጠሩ ወርዶ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ከዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ብርድ ብርድ ይላል። ቆሽትም ሊቆጣ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ (ይሄ ለእኔ አሁንም ይገርመኛል) ትልቅ ጠጠር የከረጢቷን ግድግዳ በልቶ አንጀት ውስጥ ይገባና አንጀቱን ይዘጋዋል።

አረጋውያንንና የስኳር ሕመምተኞችን በተለይ አደራ። እነሱ ላይ ሕመሙ ቀለል ሊል፣ ትኩሳቱም ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ ጋንግሪኑ ግን እነሱ ላይ ይበረታል። አባታችሁ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ንግግሩም ከተዘበራረቀ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ምርመራው አልትራሳውንድና ደም ነው፣ አያስፈራም። ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል፤ ጠጠሩ እዚያው ካለ ግን ብግነቱ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ዋናው መፍትሔ ከረጢቷን ማውጣት ነው፣ ያውም ሳይቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ቀዶ ሕክምናው አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ካርል ላንገንቡክ በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው እንደ ፈረንጆቹ በ1882 ነው። ዛሬ በብዛት በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ይሠራል። ለቀዶ ሕክምና አቅም የሌለው ሰው ደግሞ በቆዳ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶለት መግሉ ይቀዳል። «ያለ ሐሞት ከረጢት ይኖራል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይኖራል! ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው።

ትኩሳት፣ ቢጫ ዓይን፣ እንደ ጣውላ የደረቀ ሆድ ወይም ራስን መሳት ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እሺ፣ አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።