የበረዶው ሒሳብ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ አብራችሁኝ ጓንት ያሰራችሁ ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ዛሬ ሁለት ቦክሰኛ ልጆቻችንን እንሸኛለን። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ሲግል፣ በባዶ እግራቸው ገመድ ሲዘሉ አይተናቸዋል። አሁን ማናጀር አግኝተዋል፤ ፕሮፌሽናል ሊሆኑ ነው። ማናጀራቸውም እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እንኳን ወደ ድሬ በደህና መጡ።

እኔ መርቃቸው ተብዬ ነው የመጣሁት። ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ ያደረ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር አልወርድም።

በ1991 ዓ.ም. እኔም እንደነሱ ማናጀር አገኘሁ። ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ጫፍ ላይ አንዲት ፔጆ 404 ታክሲ ቆማ ነበር። ውሉን የፈረምኩት በሷ ኮፈን ላይ ነው። ፀሐይ ስለመታው ኮፈኑ ያቃጥላል፤ ክርኔን አንስቼ ነው የፈረምኩት። አራት ገጽ እንግሊዝኛ። ማናጀሬ «ይሄ ለደንቡ ያህል ነው» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንዷንም ገጽ አላነበብኩም። ያን ቀን ማታ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። «ልጄ ሰው አገኘ» አለች።

ከአገር ወጣሁ። የስምንት ዙር ግጥሚያ ነበር። የምጋጠመው ልጅ ታመመ ተባለና ሌላ ሰው አመጡልኝ። ከኔ በስንት ኪሎ እንደሚበልጥ ያየሁት ሚዛን ላይ ስንወጣ ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ግራ ቅንድቤ ተቀደደ። ዓይኔ ተደፈነ። አሰልጣኜ ግጥሚያው ይቁም ብሎ ሊወረውር ፎጣውን አነሳ። እኔ በቀረችኝ አንድ ዓይን ማናጀሬን ፈለግኩት። እኔ ጥግ አልነበረም። ከግጥሚያው አዘጋጅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በእጁ «ይቀጥል» አለ። ለካ ሸሪኮች ናቸው! ስምንቱንም ዙር ቆሜ ጨረስኩ፤ በነጥብ ተሸነፍኩ።

በማግስቱ ሒሳብ ሰጠኝ። ወረቀቱ ይኸው፣ እስካሁን አልጣልኩትም። የአውሮፕላን ተቀነሰ። የሆቴል ተቀነሰ። የጓንት ተቀነሰ። የማናጀር ድርሻ ተቀነሰ። የአማካሪ ድርሻ ተቀነሰ፤ አማካሪውም ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ፣ በእስክሪብቶ የተጨመረች አንዲት መስመር አለች። «በረዶ» ትላለች። ዓይኔ ላይ ያደረጉልኝን በረዶ አስከፈሉኝ! እኛ እዚህ ለማናውቀው መንገደኛ ቀዝቃዛ ውሃ በነፃ እንሰጣለን። በተረፈኝ ገንዘብ ለእናቴ አንድ ነጠላ ገዛሁ። ቅንድቤን ስታይ ነጠላውን ሳትዘረጋው አስቀመጠችው።

እናንተ የድሬ ሰዎች ናችሁ። ንግድ ማንም አያስተምራችሁም። ታይዋን ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ ደላላ ምን እንደሆነ ያውቃል። ደላላ እንጀራው ነው፣ ይብላ። ግን ከሻጭም ከገዢም በሁለት ቢላዋ የሚበላውን እናውቀዋለን፣ እንሸሸዋለን። ማናጀር ማለት የቦክሰኛው ተከራካሪ ነው፤ ሥራው ዋጋ ማስጨመር ነው። ፕሮሞተር ግጥሚያ አዘጋጅ ነጋዴ ነው፤ እሱ ዋጋው ቢቀንስ ይጠቀማል። ሁለቱ አንድ ኪስ ከሆኑ ልጁን ማን ይከራከርለታል?

ይሄ የኔ ብቻ ታሪክ መስሎኝ ስንት ዓመት አፍሬ ኖርኩ። በኋላ ነው ስለ ቲም ዊዘርስፑን ያወቅኩት። ሰውየው የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። በፈረንጆቹ 1986 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ ፍራንክ ብሩኖን በ11ኛው ዙር አሸነፈው። ተሸናፊው ብሩኖ 900 ሺህ ዶላር ገደማ ወሰደ። ሻምፒዮኑ ዊዘርስፑን እጁ የገባው 90 ሺህ ገደማ ነው። እንዴት? ፕሮሞተሩ ዶን ኪንግ ነው። የዊዘርስፑን ማናጀር ደግሞ የዶን ኪንግ የእንጀራ ልጅ ካርል ኪንግ። አባት ከፋይ፣ ልጅ ተከራካሪ! ልጅየው ከቦክሰኛው ግማሹን ይወስድ ነበር። ዊዘርስፑን ከሰሰ፤ ከዓመታት በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታረቁ። የባከነው ዕድሜ ግን አልተመለሰለትም።

አንዳንዶቻችሁ «ጉልበት ያለው ማናጀር ከሌለ ቦክሰኛ የት ይደርሳል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ጉልበቱን አልጠላም። አሰልጣኝና ማናጀር የነበረው ከስ ዳማቶ ማይክ ታይሰንን ከጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት፣ በ13 ዓመቱ ነው ያገኘው። ቤቱ አስገብቶ አሳደገው፣ ሕጋዊ አሳዳጊው ሆነ። ከስ በ1985 አረፈ። በዓመቱ ታይሰን በ20 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ ዶን ኪንግ እጅ ገባ፣ በ1998 ደግሞ ኪንግን በ100 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰው። ያው ልጅ፣ ያው ቡጢ ነው። የተለወጠው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው።

የጆ ፍሬዘርን አሰልጣኝና ማናጀር ኤዲ ፈችንም አስቡ። በ1975 ማኒላ ላይ ጆ ፍሬዘር ከመሐመድ አሊ ጋር 14 ዙር ተመታታ። የፍሬዘር ዓይኖች ሊዘጉ ደርሰዋል። አንድ ዙር ብቻ ቀርቷል። ፍሬዘር «ልቀጥል» አለ። ፈች እምቢ አለው፣ ግጥሚያውን አስቆመ። የዓለም ሻምፒዮንነት በአንድ ዙር ርቀት ላይ እያለ! ማናጀር ማለት ይሄ ነው። እኔ ያን ቀን ማታ ጥጌ ላይ የፈለግኩት እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

የማናጀርና የፕሮሞተር ጣጣ ስፖርቱንም ይጎዳዋል። ሁለቱ ታላላቅ ቦክሰኞች፣ ሜይዌዘርና ፓኪያኦ፣ ይጋጠሙ መባል የተጀመረው በ2009 ነው። የተጋጠሙት በ2015። አንዱ 38፣ ሌላው 36 ዓመት ሞልቷቸው። የጌቶቻቸው ጠብና ድርድር ተመልካቹን ስንት ዓመት አስጠበቀው!

አሜሪካኖች ዘግይተውም ቢሆን በ2000 በመሐመድ አሊ ስም ሕግ አወጡ። ባለ 10 ዙርና ከዚያ በላይ በሆኑ ግጥሚያዎች ፕሮሞተር በማናጀሩ፣ ማናጀርም በፕሮሞተሩ ንግድ ውስጥ ድርሻ እንዳይኖረው ይከለክላል። ሕጉም ወጥቶ ክርክሩ አላለቀም። አል ሄይመን የሚባል አሜሪካዊ የቦክስ ነጋዴ «አማካሪ» ተብሎ ትልልቅ ቦክሰኞችን ይዟል። ብዙ እንደከፈላቸው አልክድም። ተፎካካሪዎቹ ማናጀርም ፕሮሞተርም ሆኗል ብለው ከሰሱት፤ የ300 ሚሊዮን ዶላሩን ክስ ፍርድ ቤት በ2017 ውድቅ አደረገው። ስለዚህ አጥፍቷል አልልም። ግን እዚያም የሚጠየቀው የኔው ጥያቄ ነው፦ አንተ ከማን ወገን ነህ?

እንግዳችን፣ እርስዎንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠላት ሆኜ አይደለም። ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ማነው? ከሱ ጋር ምን አለዎት? ልጆቹ ቢጎዱ ሐኪም የሚከፍለው ማነው? ውሉ ስንት ዓመት ነው? እነዚህ እናቶች ሲሰሙ ይመልሱልኝ።

አሠልጣኞችም አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጅ ሲፈርም አጠገቡ ሁኑ። ፌዴሬሽኑም ውሎችን ይመዝግብ። ሌላውን ሌላ ቀን እናወራለን።

ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። ጠበቃ ለምኜ መጥቶልኛል። ውሉን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚያስረዱ የሰፈራችን ልጆችም አሉ። እናቶቻቸው ይምጡ። እርስዎም ይምጡ፣ ቡና ይፈላል። ገጽ በገጽ እናነባለን። ይቺን የበረዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣታለሁ። አንብበን ስንጨርስ፣ ልጆቹ ገብቷቸው ከፈረሙ፣ ያኔ ቆሜ እመርቃቸዋለሁ።