ቆዳ ሥራና ኮርቻ ለመጀመር ምን ልግዛ? መጀመሪያ ቆዳው፣ ከዛ መሳሪያው

ሰላም ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ከሐረር ነው ማወራችሁ፣ ሸዋ በር አካባቢ ካለችው ትንሿ ወርክሾፔ። ሰሞኑን በኢንቦክስ ምትልኩት ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል፣ "ቆዳ ሥራ ልጀምር ነው ምን መሳሪያ ልግዛ" ምትሉኝ ብዙ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እንደውም ኦንላይን ያያችሁትን አርባ ሀምሳ ዕቃ በአንድ ቦርሳ የታጨቀበትን ስብስብ ፎቶ ልካችሁ "ይሄ ይበቃኛል ወይ" ብላችኋል። አቦ እሱን ተዉት። በዛ ብር ጥሩ ቆዳ ግዙበት፣ መሳሪያው አንድ በአንድ ይደርሳል።

ለምን እንደዛ እንዳልኩ በዕቃ ላሳያችሁ።

(ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀበቶ ተዘርግቷል)

ይሄኛው በጀመርኩ ሰሞን የሰራሁት ነው። ስፌቱን እዩት ቀጥ ያለ ነው፣ ጠርዙም ተወልውሏል፣ ግን ደንበኛው በሁለት ወሩ ይዞት መጣ፣ ረዝሞ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሷል፣ መሃሉም እንደ እባብ ተጣሟል። ብሩን መለስኩለት፣ ቀበቶውን ግን አልጣልኩትም ለተማሪ ማሳያ ይሁን ብዬ። ስህተቱ ምን መሰላችሁ፣ ከሆድ በኩል ካለው ቆዳ ነው የቆረጥኩት፣ ሆድ ደሞ ከብቱ ሲበላ ሚለጠጥ ሲርበው ሚሰበሰብ ቦታ ስለሆነ ቆዳው ውስጡ ላላ ያለ ነው፣ ትንሽ ሲጎተት ይሄዳል አይመለስም። ያኛውን ደሞ አጎቴ ነው የሰራው፣ ከኔ በፊት፣ በአንድ ካራና በአንድ ወስፌ፣ ከጀርባ ቆዳ። ቀለሙ ጠቁሯል፣ ዘለበቱ ሁለቴ ተቀይሯል፣ ቆዳው ግን ያው ነው።

ስለዚ መጀመሪያ ሱቅ ሳትገቡ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ይሄ ምሰራው ነገር ምን ይሸከማል? ማንን ይነካል? የስልክ መያዣ ምንም አይሸከምም፣ ቀበቶ ይጎተታል፣ የእርካብ ማንጠልጠያ ደሞ የሰው ነፍስ ነው ሚይዘው፣ ፈረስ ላይ ያለ ሰው እርካቡ ቢበጠስበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

(የበሬ ቆዳ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ በጠመኔ ይሰመርበታል)

አንድ የበሬ ቆዳ ሁሉ ቦታው እኩል አይደለም። ከትከሻው ኋላ ጀምሮ እስከ ዳሌው አከርካሪውን ግራና ቀኝ ይዞ የሚሄደው ጥቅጥቅ ያለውና ወፍራሙ ነው፣ ቀበቶ፣ ዛብ፣ የእርካብ ማንጠልጠያ፣ የልጓም ጠፍር፣ ሚጎተት ነገር በሙሉ ከዚ ነው መውጣት ያለበት፣ ያውም ርዝመቱ ከአከርካሪው ጋር ትይዩ ሆኖ። አንገትና ትከሻው ይጨማደዳል ግን ለቦርሳ፣ ለካራ አፎት ምንም አይልም። ሆድና እግር ለገበር ወይ ለመለማመጃ። የኛ ከብት ደሞ ሻኛ አለው፣ ሻኛው የነበረበት ቦታ አበጥ ብሎ ስለሚቀር ጠፍጣፋ ሆኖ አይተኛም፣ ረጅም ጠፍር በሱ ላይ አታሳልፉ።

ስትገዙ ደሞ ሁሌ ገልብጡት። ፊቱን ነጋዴው ራሱ ያሳያችኋል፣ ጀርባውን እናንተ ካልጠየቃችሁ አያሳያችሁም። ከብቱ ሲገፈፍ ቢላዋ የገባበት ቦታ ከውስጥ በኩል ነው ሚታየው፣ ቆዳው ግማሽ ተቆርጦ ያለ ማለት ነው፣ ጠፍሩ አንድ ቀን ሚበጠሰው እዛች ጋ ነው። ፊቱ ላይ ያለ የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ነጥብ፣ እንደዛ ያለው ግን ውበቱን ነው ሚነካው እንጂ ብዙ አያደክመውም፣ ዋጋ መቀነሻ አርጉት።

እዚች ጋ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ያንገበግበኛል። የሐረር ሰንጋ ሥጋው ሀገር ያወቀው ነው፣ ስለ ቆዳው ግን ሰው ሲያወራ አልሰማም፣ በዓል ባለፈ ማግስት ደሞ የበግና የፍየል ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ነው ምናየው። ቶሎ ብሎ ጨው በደንብ የነሰነሰበት ቆዳ አይበላሽም እኮ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ከተተወ በኋላ ነው ሁሉም ነገር ሚያበቃው።

እሺ ወደ ማልፋት እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት ሚሳሳተው እዚ ላይ ነው። ገበያ ላይ ምታገኙት አብዛኛው ቆዳ ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ውሃ ብዙ አያስፈራውም፣ ለጃኬት ለሴት ቦርሳ ለጫማ ፊት አሪፍ ነው። በእፅዋት የለፋው ደሞ ከዛፍ ልጣጭና ከመሳሰለው በሚወጣ ታኒን በሚባል ቆዳ ማልፊያ ነገር ነው ሚሰራው፣ የኛ ግራር ልጣጭ ራሱ ታኒን አለው፣ እናቶቻችን ደሞ እምቧይ ያውቃሉ ለቆዳ። ይሄኛው ቆዳ ጠንከር ይላል፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ቅርፅ ይይዛል ሲደርቅ እንደያዘው ይቀራል፣ ጠርዙን ስታሹት ያበራል፣ ማህተም ስትመቱበት ይቀረፃል። ክሮሙን ማህተም ብትመቱት ምልክቱ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል።

ይሄን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጁገል ውስጥ፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር ማለቴ ነው፣ ሸሪፍ ሙዚየም ግቡ፣ የድሮ የሐረር ቁርዓኖችና ኪታቦች ሽፋን እዩ። ቆዳው ላይ የተመታው ጌጥ ስንት ዘመን አልፎበት እስካሁን ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ብዙ ቆሜ ነው የቀረሁት፣ ይሄ ከተማ የቆዳ ሥራ ከተማ ነው ለካ አልኩ፣ እኛ ከውጭ ሀገር ቪዲዮ ነው ምንማረው።

እንዴት ትለያላችሁ? ጠርዙን በምላጭ ቆረጥ አርጉና መሃሉን እዩት። ግራጫ ወይ ሰማያዊ ነገር ካያችሁበት ክሮም ነው፣ ቡናማ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ባብዛኛው የእፅዋቱ ነው፣ ቀለም ውስጡ ድረስ የገባበት ቆዳ ግን ሊያሳስት ስለሚችል አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፣ ያልተቀባ የእፅዋት ቆዳ ወዲያው ይጠጣና ይጠቁራል። ከጀርባው ጨርቅ ካለው ወይ ፕላስቲክ ከሸተተ ባብዛኛው ቆዳም አይደለም። የተፈጨ ቆዳ በሙጫ ተጋግሮ ሚሸጥም አለ፣ "ኦሪጅናል ሌዘር" ብለው ይሸጡላችኋል፣ በሁለት እጃችሁ ጠርዙን ብትቀዱት እንደ ካርቶን ይቀደዳል። የእፅዋቱ ቆዳ የት ይገኛል ካላችሁኝ፣ የጫማ ሶል ሚሆነውን ደረቅ ቆዳ ከሚሸጡት ጠይቁ፣ እሱ ብዙ ጊዜ በእፅዋት የለፋ ነው።

ውፍረት በሚሊ ተናገሩ፣ "ወፈር ያለ" ብቻ አትበሉ። የብር ቦርሳ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ፣ ቀበቶ ከ3 እስከ 4 ሚሊ፣ የእርካብ ማንጠልጠያ 4 ሚሊና ከዛ በላይ። የፍየል ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፣ የበግ ቆዳ ግን ለጓንት ለልብስ ነው፣ የኛ የበግ ቆዳ ለጓንት ዓለም ያወቀው ነው፣ ጠፍር አርጉኝ ብትሉት ግን ይዘረጋባችኋል።

(ካሜራው መሳሪያዎቹ ላይ ይጠጋል)

አሁን መሳሪያ። ካተር አላችሁ? ጀምሩ። ዋናው ነገር ስለቱ ነው፣ ዶማ የሆነ ውድ ቢላዋ ከተሳለ ርካሽ ካራ ይብሳል፣ ምክንያቱም ደንዝ ቢላ ስትገፉት ያመልጣል፣ ሲያመልጥ ደሞ ወደ ጣት ነው። ሞረድ ግዙ፣ ከዛ ቁራጭ ቆዳ እንጨት ላይ ለጥፉና ከሞረዱ በኋላ ስለቱን እሱ ላይ አሹት፣ በየሥራው መሃል አሹት። የቆዳ ጠርዝ ማቅጠኛ ካራ ካስፈለጋችሁ፣ ከተሰበረ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ታስሞርዳላችሁ፣ ብረት ሰሪ ካወቃችሁ ደሞ ከመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ሚወጣው ካራ ዕድሜ ልክ ነው።

ወስፌ ላይ ግን አትቆጥቡ። ጫማ ሰፊዎቻችን ሚጠቀሙት ክቡ ወስፌ ይሰራል፣ ለኮርቻና ለጠፍር ግን ጫፉ ባለ አራት ጎን ጠፍጠፍ ያለውን ፈልጉ፣ እሱ ቆዳውን ሰንጥቆ ነው ሚገባው ክሩ ካለፈ በኋላ ቀዳዳው ተመልሶ ይዘጋል። በሚስማር መብሳት አይሆንም፣ ሚስማር ቆዳውን ይቀደዋል። የስፌት ርቀት ለማስመር ባለ ጥርስ መምቻ ከሌላችሁ የቤት ሹካ ጥርሱን በሞረድ አሹሉት፣ ምልክት ያደርግላችኋል ቀዳዳውን ወስፌው ይጨርሰዋል። ርቀቱ ለጠፍር 4 ሚሊ አካባቢ ይሁን፣ ከዚ በጣም ካቀራረባችሁት ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በስፌቱ መስመር ይቀደዳል።

መርፌ ሁለት ያስፈልጋል፣ ጫፉ የደነዘ። የልብስ ትልቅ መርፌ ካላችሁ ጫፉን ሞረድ ላይ አደንዝዙት፣ ሹል ከሆነ ቀድሞ የገባውን ክር ይወጋዋል። አንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ፣ በአንድ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ይገባል፣ ይሄ ነው የኮርቻ ስፌት ሚባለው። ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ሚባለው መንገድ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጎበዞች ናቸው ግን የስፌት መኪናቸው ለጨርቅ ነው፣ ቆዳ ሚሰፋ መኪና ቢኖር እንኳን የመኪና ስፌት ሁለት ክር እርስ በርስ እየተቆላለፈ ነው ሚሄደው፣ አንዱ ጋ ከተበጠሰ ቀስ እያለ ይተረተራል። የእጁ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ያው እንደያዘ ነው። ለእርካብ፣ ለሆድ ማሰሪያ፣ ለልጓም በእጅ ነው፣ እዚ ላይ ድርድር የለም።

ክሩ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ይቆረጥ፣ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ከዛም ይብዛ። ጥጥ ክር ተዉት፣ በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። ናይለን ይለጠጣል ፀሐይም ይጎዳዋል፣ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ያለ ሰው ይሄን በደንብ ያስብበት፣ ፖሊስተር ፀሐይ በተሻለ ይችላል። 0.8 ሚሊ ለቦርሳና ለቀበቶ፣ 1 ሚሊ ለኮርቻ ዕቃ። ሰም ያልተቀባ ከሆነ ማር ከሚሸጡት ሰፈፍ ግዙና አጣርታችሁ ክሩን አሳልፉበት።

ማስቲሽ ስትጠቀሙ ሁለቱንም ፊት በስሱ ቀብታችሁ እጅ ላይ ማይለጥፍ እስኪሆን ጠብቃችሁ ነው ምታጋጥሙት፣ ሐረር ላይ ቆም ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ድሬ ላይ በዛ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ እየቀባችሁ ሂዱ። በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ ልጆች አጠገቡ አይኑሩ፣ ሽታው ጉዳት አለው።

ዘለበት ደሞ ሰው ሚንቀው ዕቃ ነው። ገበያ ስትሄዱ፣ የድሬው ቀፊራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ያዙ። ከሳበ ውስጡ ብረት ነው፣ በእንስሳ ላብ ይዝጋል፣ ዝገቱም ቆዳውን ይበላዋል። ካልሳበ ሁሌ ነሐስ ነው ማለት አይደለም፣ ማይታይ ጠርዝ ላይ በሞረድ ፋቅ አርጉት፣ ውስጡ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ግራጫና ቀለል ያለ ከሆነ ቀልጦ ቅርፅ ውስጥ ፈሶ የተሰራ ዚንክ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሳያስጠነቅቅ ነው ሚሰበረው። ለቦርሳ ጌጥ ይሁን፣ ለሆድ ማሰሪያ በፍፁም።

(የአህያ ኮርቻ ይታያል)

መጨረሻ ያስቀመጥኩት ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ኮርቻ ከሁሉም ይለያል፣ ሌላው ዕቃ ቢበላሽ ባለቤቱ ነው ሚናደደው፣ ይሄ ቢበላሽ ግን የቆሰለው እንስሳ መናገር አይችልም። እዚ ሐረር ያለው ፈረስ መጋላ አደባባይ ስሙ እኮ የፈረስ ገበያ ማለት ነው፣ ዛሬ እዛ ምታዩት ባጃጅ ቢሆንም እንጨትና ጫት ጭነው ወደ ከተማ ሚገቡት አህዮች አሁንም ብዙ ናቸው።

ኮርቻ አከርካሪ ላይ ማረፍ የለበትም። ግራና ቀኝ ሁለት ትራስ ይኖረውና መሃሉ ክፍት ይሆናል፣ ለፈረስ ሦስት አራት ጣት ያህል፣ ጭነቱ ጎንና ጎን ያለው ሥጋ ላይ ነው ሚያርፈው። ለትራሱ ስፖንጅ ምታስገቡ ሰዎች አለ፣ ሲነካ ይመቻል፣ ጭነት ሲወጣበት ግን ወረቀት ይሆናል ሙቀትም ይይዛል። የበግ ፀጉር በደንብ ተበጥሮ እኩል ቢሞላ ይሻላል፣ ካጣችሁ ጆንያ ውስጥ በጥብቅ የታጨቀ ጭድ፣ እሱን ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ወደ እንስሳው ገላ የዞረ ቋጠሮ፣ የሪቬት ጭንቅላት፣ የዘለበት ጥርስ እንዳይኖር፣ እጃችሁን ከስር አስገብታችሁ ዳስሱ። ሆድ ማሰሪያው ሰፊ ይሁን፣ የናይለን ገመድ ብቻውን ቆዳ ይቆርጣል።

ከዛ ሰርታችሁ ስትጨርሱ ጭናችሁ ትንሽ መንገድ ሂዱና አውርዱት፣ ወዲያው ጀርባውን እዩ። ትራሱ ያረፈበት ቦታ በሙሉ እኩል ላብ ካለው ጥሩ ነው። በላቡ መሃል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ እዛ ጋ በጣም እየተጫነ ነው፣ ትራሱን ፈትታችሁ እዛች ቦታ ላይ ያለውን ሙሊት ቀንሱ። አህያው ጀርባ ላይ ነጭ ነጭ ፀጉር የበቀለበት ነጥብ ካያችሁ ደሞ ድሮ የቆሰለበት ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲሱን ኮርቻ ስትለኩ መጀመሪያ ባለቤቱን የድሮው ኮርቻ የት ጋ ያርፍ እንደነበር ጠይቁትና ትራሱን ከዛ ቦታ አርቁት።