ዋጋው ወረደ እንጂ ወጪው አልወረደም

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ያገለገለ ቅንጡ መኪና እንድናገር ስጠየቅ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። የምውለው ጋራዥ ውስጥ ነው። በዚህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለፍተው ያጠራቀሙትን እንዲህ ባለ መኪና የሚጨርሱ ልጆቻችንን ማየት ያሳዝነኛል።

ነገሩ የሚጀምረው አገር ቤት ከለመድነው ስሌት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ንብረት ነው። ቪትዝ የገዛ ሰው ለዓመታት ነድቶት ከገዛበት በላይ ሊሸጠው ይችላል። ቀረጡ ከባድ ነው፤ የብር አቅም ይወርዳል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። እዚያ መኪና መግዛት ገንዘብ ማስቀመጥ ነው ቢባል ያስኬዳል። አሜሪካ ውስጥ ግን አይሠራም።

መርሴዲስ ኤስ 550ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. የ2014 ሞዴሉ አዲስ ሳለ መነሻ ዋጋው ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ብዙ ማይል የሄደውን ከአዲስ ካምሪ ባነሰ ዋጋ ታገኙታላችሁ። ለምን? ባለገንዘቡ አዲሱን በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ ኪራይ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ በሦስት ዓመቱ መልሶ ሌላ ይይዛል። የተመለሰው ሁሉ ገበያ ላይ ይፈስሳል። የፋብሪካው ዋስትና ደግሞ 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው። እሱ ሲያልቅ ፈላጊው ይሸሻል፤ ዋጋውም ይወድቃል።

ያን ኪሳራ የከፈለው የመጀመሪያው ባለቤት ነው። እስከዚህ ድረስ ለእናንተ ጥሩ ነው። ችግሩ መለዋወጫው አብሮ አለመርከሱ ነው። ይሄ መርሴዲስ በአራቱም ጎማ በኩል የቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በተሞላ ከረጢት ላይ ነው፤ የአየር ከረጢቱ ሲቀደድ የምትከፍሉት የ90 ሺህ ዶላር መኪና ሂሳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመጡትን ቢኤምደብሊው 750 ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። ቱርቦዎቹ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ አየር እየገፉ ጉልበት የሚጨምሩለት መሣሪያዎች፣ ሞተሩ መሀል ላይ ስለተቀመጡ ሙቀቱ በዙሪያቸው ያሉትን የጎማና የፕላስቲክ ዕቃዎች ያደርቃቸዋል፤ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ለዚህ ሞተር ልዩ የጥገና ፕሮግራም አውጥቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ምቾት ለሚፈልግ ሰው ቱርቦ የሌለው ሌክሰስ ኤልኤስ 460 ይሻላል። ዋጋው ቶሎ የማይወርደውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ፦ ብድሩ። ወርሃዊ ክፍያው እንዲያንስ ብላችሁ ለ72 ወር ስትፈርሙ፣ የመኪናው ዋጋ ከዕዳው በፍጥነት ይወርዳል። ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንስ የሚከፍለው በዚያ ቀን የሚያወጣውን ነው። ቀሪውን ዕዳ፣ መኪና ሳይኖራችሁ፣ እናንተ ትከፍላላችሁ። ይሄ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ላለበት ሰው ቀላል አይደለም።

ዲለሩ፣ ማለትም መኪና ነጋዴው፣ በሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ «ባየርስ ጋይድ» (የገዢ መመሪያ) የሚባል ወረቀት እንዲለጥፍ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። አንብቡት። «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ላይ ምልክት ካለበት፣ ከግቢው ከወጣችሁ በኋላ ለሚበላሸው ዲለሩ ዋስትና አልሰጠም ማለት ነው። ያው ወረቀት የራሳችሁ መካኒክ እንዲያየው ጠይቁ ይላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሻጩ «አይሆንም» ካለ፣ ምንም ያህል ቢያምራችሁ፣ ቁልፉን መልሳችሁ ውጡ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።