ያለ ጭቃ የቆመ ካብ

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ይህን ብርድ ችላችሁ፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ግጥም ልትሰሙ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

«ግጥም ከየት ነው የሚመጣው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እስቲ ቋንቋችንን እንስማው። ግጥም የሚለው ቃል «ገጠመ» ከሚለው የወጣ ነው። ስንኝ እንቋጥራለን። ቤት እንመታለን። ሁሉም የእጅ ሥራ ነው።

የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቅኔ ይቆጥራል። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ጉባኤ ቃና ለምትባል ባለ 2 ቤት አጭር ቅኔ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። መወድስ የሚባለው ባለ 8 ቤት ቅኔ ገና ከፊቱ ነው። በሰው ፊት ቆሞ ሲያሰማ ግን «ዘረፈ» ይባላል። እኛ ዘረፋውን እንሰማለን። ቆጠራውን ማን አየለት?

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አባቴ ካብ ይክብ ነበር። መንዝ መቼም በድንጋይ አይታማም፤ ቢሸጥ ኖሮ ሁላችንም ባለሀብት ነበርን። አባቴ አንዱን ድንጋይ ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ይሞክረዋል። አልገጥም ካለው ወደ ጎን ያኖረዋል እንጂ አይወረውረውም። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ። ማታ ላይ ያ የተገፋ ድንጋይ ቦታውን ያገኛል።

ሲሞት ግጥም ልጽፍለት ተቀመጥኩ። ደብተር ሙሉ ጻፍኩ። ኮከብ አልኩት፣ ዋርካ አልኩት። የማንም አባት ሊሆን ይችላል። ደግሞስ እዚያ ደጋ ላይ ዋርካ የት አለ?

አንድ ቀን አገር ቤት ሄጄ ካቡን ሳየው አፌ ላይ መጣ፦ «ያለ ጭቃ ቆሟል አባቴ የካበው።» 12 ቀለም፣ 6ኛው ላይ እረፍት። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ! በነጻ አገኘሁት።

ሁለተኛው ስንኝ ግን እምቢ አለ። አራት ወር። «እንባዬ ወረደ» ብዬ ሞከርኩ፤ ቤት አይመታም። «ልቤን እየራበው» አልኩ፤ ቤቱን መታ፣ ግን ውሸት ነው። ልቤን ራበው ብሎ የሚያወራ ሰው ቤታችን ኖሮ አያውቅም።

ክረምት ላይ የጎረቤት ቀብር ሄድኩ። ስመለስ ጫማዬ ጭቃ ይዞ ድንጋይ አክሏል። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በእንጨት ስፍቀው መጣልኝ፦

ያለ ጭቃ ቆሟል አባቴ የካበው፣
ጭቃውን ለራሱ አስቀርቶ ለበሰው።

ጭቃዋ እኮ ከመጀመሪያው ስንኝ ውስጥ ነበረች። አራት ወር ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንባ እፈልጋለሁ።

ጥሩ ነው አይደለም እናንተ ትፈርዳላችሁ። ደብተሩን አልጣልኩትም፤ ዋርካዋም እዚያው አለች። አንድ ቀን ቆላ ከወረድኩ ታገለግላለች።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። ከፊት ረድፍ ያለሽው ልጅ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ያቺን ወረቀት አጥፈሽ ትዘረጊያታለሽ። ነይ፣ ማይኩ ያንቺ ነው።