ሌዘር ከሳተላይት ወደ ምድር፦ የጎንደር ሰማይ ምን ያህል ይመቻል?

[ምስል፦ ጎንደር ከጎሃ ኮረብታ ላይ፤ ጥርት ያለ የኅዳር ሌሊት]

ሳተላይቶች እስከ ዛሬ ከምድር ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሬዲዮ ደመናን ዘልቆ ያልፋል፤ ነገር ግን በጉዞው እጅግ ስለሚሰፋ የሚሸከመው መረጃ ውስን ነው። ሌዘር ግን ጠባብ ሆኖ ይወርዳል። ቲቢርድ የተባለው አነስተኛ የናሳ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰከንድ 200 ጊጋቢት ወደ ምድር ልኳል።

የኳንተም ግንኙነትም የሚጓዘው በብርሃን ነው፤ ዓላማው ግን ብዙ መረጃ ማስተላለፍ ሳይሆን ሁለት ወገኖች ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቁልፍ መፍጠር ነው። ቁልፉ በነጠላ ፎቶኖች (በብርሃን ቅንጣቶች) ይላካል፤ የማይታወቅን የኳንተም ሁኔታ መቅዳት ስለማይቻል፣ መሐል ገብቶ ለማንበብ የሞከረ ሰላይ በፎቶኖቹ ላይ ስሕተት ይፈጥራል፣ ላኪና ተቀባይም ከስሕተቱ ብዛት ይደርሱበታል። በዚሁ ምክንያት የደከመውን ምልክት በመንገድ ላይ ማጉላት አይቻልም። በፋይበር (በቀጭን የመስታወት ገመድ) ውስጥ ብርሃን በየ15 ኪሎ ሜትሩ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ እንኳ ለነጠላ ፎቶን የማይዘለቅ ነው። ከሳተላይት ሲወርድ ግን አብዛኛው መንገድ ባዶ ሕዋ ነው።

ይህን በተግባር ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ2016 የመጠቀችው የቻይና ሳተላይት ሚሲየስ ናት። ጨረሯ 1,200 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 12 ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ የሚይዘው ከ144 ፎቶኖች አንዱን ገደማ ነው፤ ያውም አየሩ የሚያስቀረው ሳይቆጠር።

[ምስል፦ በሐምሌ ደመና የተሸፈነ የፋሲል ግንብ]

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ ከከባቢ አየሩ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ከበታቿ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ በአመዛኙ ጥርት ይላል፤ የመንገድ መብራት የፎቶን መቁጠሪያውን ስለሚያውክ ግን ብርሃኑን የሚቀበለው የምድር ጣቢያ ከከተማው ራቅ ማለት ይኖርበታል። ዋናው ችግር ክረምቱ ነው፤ ወፍራም ደመና የሌዘሩን ኃይል በማሳደግ የሚሸነፍ አይደለም። ናሳ ኤልሲአርዲ ለተባለው የሌዘር ሥርዓቱ በካሊፎርኒያና በሃዋይ ሁለት ጣቢያዎችን ያቆመው አንዱ በደመና ሲጋረድ ሌላው እንዲቀበል ነው። በእኛ አገር ደግሞ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ዋነኛ ዝናባቸውን የሚያገኙት በጸደይና በበልግ በመሆኑ፣ ለጎንደር ጥንድ የሚሆን ጣቢያ መፈለግ የሚገባው እዚያ ይመስለኛል። ዝናብ ማነስ ግን ደመና የለም ማለት ስላልሆነ፣ ቴሌስኮፕ ከመገዛቱ አስቀድሞ በሁለቱም ቦታ የሰማይ ካሜራ ተተክሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ደመናው በየሰዓቱ ሊመዘገብ ይገባል።