የመጀመሪያው በዓል በአዲስ አገር
በደብረ ማርቆስ ከተማ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በእድር ስብሰባ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ በተለይም በዚህ ዓመት በሥራ ዝውውርም ሆነ በሌላ ምክንያት ወደ ማርቆስ የመጣችሁ አዳዲስ ጎረቤቶቻችን፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ፍልሰታ ተፈትቷል፤ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቶታል። የዘወትሩን ኑሮ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ሱቁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ያውቀዋል። በዓል ሲመጣ ግን ከነበረበት አገር ይዞት የመጣው የቀን ስሌት አልሠራ ይለዋል። ሊጡ በለመደው ቀን አይነሳም፣ ጠላው አይደርስም፣ ዶሮው አይበስልም። ስንት ዓመት ቤት ያስተዳደረች እናት ሙያዋ የጠፋባት ይመስላታል። ሙያው አልጠፋም፤ የተለወጠው ከፍታውና ብርዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ በቆጠራችሁት ላይ የማርቆስን ብርድ ጨምሩበት።

ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከሚሆነው ከፍታ ላይ ናት። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታነዱት ከዚያ አይሞቅም። ቆላ በ12 ደቂቃ የሚበስል እንቁላል እዚህ 15 ደቂቃ ይተው። ባቄላና ሽምብራ ሳይነከር አድሮ በጠዋት ቢጣድ ለምሳ አይደርስም። የአበሻ አውራ ዶሮማ ከለመዳችሁት አንድ ሰዓት ያህል ይጨመርለት።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው እንጀራው ስለሆነ እሱ ላይ እንቆይ። ለ5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በበጋ ግማሽ ሊትር እርሾ ይበቃል፤ በክረምት ሦስት አራተኛ ሊትር ይሁን። የሚቦካበት ውሃ ለብ ያለ እንጂ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ አይሁን። ቡሃቃውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ወለሉ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይመጠዋል። ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ ከሥሩ አድርጉና በጋቢ ጠቅልሉት። በሦስት ቀን ይደርስ የነበረው ሊጥ እዚህ በክረምት አራት ቀን ቢፈልግ አይግረማችሁ። ከላይ ያቀረረው ውሃ ቢጫ ሆኖ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲሰጥ ደርሷል።

አብሲቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከቦካው ሊጥ ከአሥር አንድ እጁን ውሰዱ፤ በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጣችሁ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አፍሉት። ከዚያ አብርዱት። ጣት ሲነከርበት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ሲሆን ወደ ሊጡ ይመለሳል። እንደ ፈላ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንጀራው ዓይን የለሽ ሆኖ ምጣዱ ላይ ይለጠፋል። ጨርሶ ከቀዘቀዘም ሊጡን የሚያነሳው ሙቀት አይኖርም። ከተመለሰ በኋላ ኩፍ እስኪል እስከ አራት ሰዓት የሚደርስ ጊዜ ጠብቁ። በችኮላ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ልጆችንም ሆድ ይነፋቸዋል።

የበዓል ዋዜማ ማታ ከተማው በሙሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጥዳል። ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ አይግልም፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ጋግራችሁ ጨርሱ። የወጣው እንጀራ በሰፌድ ላይ በየተራ ይብረድ እንጂ በትኩሱ እየተደራረበ መሶብ አይግባ። እንፋሎቱ ታፍኖ ውሃ ይሆናል፣ በዚህ እርጥበት በሁለተኛው ቀን ይሻግታል።

ጠላ ለምትጠምቁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጀምሩ። ደርቆ የተወቀጠው ጌሾ ተነክሮ የሚጠነሰሰው ጥንስስ በሞቃት አገር በሁለት ሦስት ቀን ይነሳል፤ እዚህ በክረምት እስከ አምስት ቀን ጠብቁት። ከዚያ ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ይገባል፤ ሲብላላ በምጣድ ታምሶ የቀዘቀዘው እንኩሮ ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሳይበስል ውሃ ከተሞላበት ጠላው መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይኮመጥጣል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠን። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ አይሆንም። በእኛ አስተያየት አዲስ ገቢ ቤት የመጀመሪያውን ዓመት ጠላ ለብቻው ባይጠምቅ፣ ከጎረቤት ጋር እህልና ጌሾ አዋጥቶ በጋራ ቢጠነስስ ይሻለዋል። ውሃውንም ሙቀቱንም የሚያውቅ እጅ አጠገቡ ይኖራል፣ በዚያው ጉርብትናውም ይጀመራል።

ዶሮ ወጡ እንደምታውቁት ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ 12 ብልት። ብቻ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል በርበሬ አይግባ፤ ወጡ ውሃ ያቀርራል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። እዚህ ሽንኩርቱም ጊዜ ይፈልጋልና ድስቱን ከዋዜማው ቀትር ጀምራችሁ ጣዱት።

ወደ በግ ተራ ለምትወጡ። ጎጃም የዋሽራ በግ አገር ነው፦ ቀንድ የለውም፣ ጸጉሩ አጭር፣ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ወይም ቡናማ። ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ሰውነቱን አይደብቅም፤ ቢሆንም በዓይን አትግዙ፣ ዳብሱት። መዳፋችሁን ወገቡ ላይ አሳርፉ። አጥንቱ ጣት ላይ ሾሎ ከመጣ ከስቷል። ከንፈሩን ገልጣችሁ ጥርሱን እዩ፤ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣ በግ አንድ ዓመት አልፎታል፣ ሥጋውም ገና ለጋ ነው። ከዚያ የዓይኑን ሽፋን ገልብጡ። ቀላ ያለ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከነጣ፣ በዚያ ላይ ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለው፣ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል። ጎጃም ውስጥ ውሃ በሚተኛበት መስክ ላይ የሚግጥ በግ ይህ አይቀርለትም። አትግዙት። አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ቤት የምትቀልቡም ለበጉ የትል መድኃኒት ተሰጥቶት እንደሆነ ጠይቁ። መድኃኒት የወሰደ በግ ሐኪሙ የነገራችሁ የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ አይታረድም።

ቅርጫ መግባት የምትፈልጉ ገንዘቡን ከጳጉሜን በፊት ለሰብሳቢው ስጡ። በሬው የሚገዛው መደቡ ሲሞላ ነው፤ ሥጋው ከተመደበ በኋላ የሚመጣ ሰው ቦታ አያገኝም። መደቡ አሥር ከሆነ ጉበቱም፣ ጨጓራውም፣ ሻኛውም ለአሥር ይከፈልና በዕጣ ይደርሳል። የቆዳው ገንዘብም ለሁሉም ይካፈላል። ይህን የምናነሳው አዲስ ሰው አላዋቂ መስሎ ላለመታየት ሳይጠይቅ ቀርቶ በኋላ ቅር ሲለው ስለምናይ ነው። ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ሙስሊም ጎረቤት ላላችሁ፣ በዓሉን ስታካፍሉ ሥጋ ሳይሆን ዳቦና ፍራፍሬ ላኩ፣ ቡና ጥሩ። እነሱም በበዓላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ።

ቋንጣ የምትሰቅሉ ቀጭን አድርጋችሁ ዘልዝሉ። መስከረም መጀመሪያ ላይ አየሩ ገና እርጥብ ነው፤ የወፈረ ዘልዛላ ከላዩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። ከምድጃው በላይ ጭሱ በሚደርስበት ሰቅላችሁ ሦስት አራት ቀን አጭሱት።

የመስቀል ደመራ በአጥቢያችሁ ማታ ይሁን ንጋት ላይ የሚለኮሰው አስቀድማችሁ እወቁ። በገጠሩ መስከረም 17 ንጋት ላይ መለኮስ የተለመደ ነው። ከልጆቻችሁ ጋር ሌላ በዓል ማየት የምትፈልጉ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያከብራል። እንጅባራ ከማርቆስም የባሰ ብርድ ነው፤ ለልጆች ወፍራም ልብስ ያዙ።

ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይን በረሃ በጠዋት ጭጋግም ሆነ በማታ አትለፉ። ክረምት ነውና ድንጋይ ይንከባለላል። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቆላው የምትወርዱ ደግሞ አጎበር ያዙ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው፤ ደጋ ያደጉ ልጆች በሽታውን የሚቋቋም ሰውነት የላቸውም። የወባ ትንኝ ከነደፈችው ቀን ጀምሮ በሽታው ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ልጅ ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንኳ ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተውት፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ቆላ መውረዱን ተናገሩ፣ ደሙም ይመርመር።

የመጨረሻው በጣም የሚያሳስበን ነው። ብርዱን ያልለመደ ቤተሰብ ማታ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት ያስገባና በሩን ይዘጋል። በበዓል ሰሞን እንግዳ ስለሚያድር ይህ ይበዛል። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይምም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰሉ ነጭ አመድ ቢለብስም አደጋው ያው ነው። ክፍሉን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ደጅ አውጡና በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መዛል የተሰማው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር ይውጣ፤ ከዚያ ጎረቤት ጥሩ፣ ሌሊትም ቢሆን በሩን አንኳኩ። ማንም አይቆጣችሁም።

የእድሩ ድስት፣ ጋንና ወንበር ለበዓል ለሚፈልግ ሁሉ በስም ተመዝግቦ ይሰጣል፤ መዝገቡ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። የቅርጫ ስምም እዚያው ይጻፋል። መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።