ጥሩምባ ይነፋል እንጂ አይወረወርም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በጆሃንስበርግ የምትኖሩ የዋልያ ደጋፊዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ነገ ውድድራችን ይጀመራል። ኮሚቴው ስለ ደጋፊ ሥነ ምግባር ተናገር ብሎኛል። እኔ የምናገረው ስለ ቩቩዜላ፣ ስለ ደጋፊው የፕላስቲክ ጥሩምባ ነው።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ብዙዎቻችሁ ኔልስፕሪት ከተማ ነበራችሁ። እዚህ ጆሃንስበርግ ጄፒ ሰፈር ያለውን ሱቃችንን ዘግተን በሌሊት ነበር የተነሳነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅተው ማን ሱቅ ይጠብቃል! በር ላይ ለልጄ ቢጫ ቩቩዜላ ገዛሁለት። ሰባት ዓመቱ ነበር። ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ ምራቅ ብቻ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ የአገሩ አዛውንት ተቀበሉትና ከንፈራቸውን ገጥመው፣ አንቀጥቅጠው አሳዩት። በሦስተኛው እንደ በሬ አስጮኸው። አዛውንቱ አጨበጨቡለት።

ከዚያ የሳላዲንን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያ በረኛ መለሰበት። በረኛችን ጀማል በቀይ ካርድ ወጣ። የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጠርሙሱም ቩቩዜላውም ሜዳ ላይ ዘነበ። ጨዋታው ቆመ። ልጄ የእሱን በሁለት እጁ እንደያዘ "አባዬ፣ እኔም ልወርውር?" አለኝ። ምን ልበለው? የሚወረውሩት እሱ "ጋሼ" የሚላቸው ሰዎች ናቸው። አዛውንቱ ቆመው ሜዳውን ያያሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። አዳነ በ10 ሰው አቻ ሲያደርገን እንኳ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ። ለጥፋታችን ቅጣቱን የከፈለው ፌዴሬሽናችን ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ዕቃ ከየት እንደመጣ እወቁ። ፍሬዲ ማኬ የሚባል የካይዘር ቺፍስ ክለብ ደጋፊ በ1965 እ.ኤ.አ. ከብስክሌት ጥሩምባ ላይ ጎማውን ነቅዬ በአፌ መንፋት ጀመርኩ ብሏል። እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ያለችው የሼምቤ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ደግሞ የእኛ የአምልኮ ጥሩምባ ነው ይላሉ። የማኬ ከብረት የተሠራ ነበር። ሰው ይፈነክታል ተብሎ ስታዲየም እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ ነው ወደ ፕላስቲክ የዞረው። በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ ፋብሪካ በብዛት ያመርተው ጀመር። ማኬ ግን ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አላገኘሁበትም እያለ ኖሯል።

አያችሁ? መሣሪያ እንዳይሆን ብለው ፕላስቲክ አደረጉት። እኛ መልሰን መሣሪያ አደረግነው!

እዚሁ ደቡብ አፍሪካ በተደረገው በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ስንቱ አውሮፓዊ ጆሮዬን ብሎ ጮኸ! ፊፋ አልከለክልም አለ። ብዙም ሳይቆይ የአውሮፓው የእግር ኳስ ማኅበር ከውድድሮቹ አገደው። ያኔ ሁላችንም ተናደናል፤ የአፍሪካን ድምፅ ናቁት ብለናል። ታዲያ ድምፁን የናቀው ማን ነው? የከለከለው ብቻ ነው ወይስ ሜዳ ላይ የጣለውም?

እኛ እኮ ጥሩምባ እናውቃለን! የዕድር ጥሩምባ በሌሊት ሲነፋ ማን ተኝቶ ይቀራል? ሰው የሚሰበሰብበትን ነገር በዳኛ ተናደድኩ ብሎ የሚወረውር ደጋፊ፣ እኔ ደጋፊ አልለውም!

የቀረውን ባጭሩ። ሕፃን ጆሮ ሥር አትንፉ፣ ጆሮ ይጎዳል። መዝሙር ሲዘመር ዝም እንበል። ትኬት በር ላይ አለ።

ያ ቢጫ ቩቩዜላ ዛሬም ቤቴ አለ። ልጄ አሁን ከእኔ ይረዝማል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ይነፋዋል። ስትሰሙት ግቡ።